አሥር ቀን እንዳትነኪያቸው

ዘሃራ የደወለችልኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ነው።

"ቲቸር፣ አዮ ወደ አኼራ ሄደች" አለችኝ። እናቷን አዮ ነው የምትላት። "ዛሬ ጠዋት ነው። አሁን ቀብረናት መመለሳችን ነው።"

"ታማ ነበር?"

"ሁለት ቀን። ከዚያ በላይ መተኛት መቼ ታውቅበታለች።"

ሌላ ብዙ አልተባባልንም። ዘሃራ ድሮም ረጅም ወሬ አትወድም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ የአንዱን ተማሪ ውጤት ሦስት ጊዜ ደመርኩ፤ ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ቁጥር መጣልኝ። ወረቀቱን ተውኩና ቤት ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ። መንጎራደድ የእሳቸው ጠባይ ነበር።

እኔ አደ ሩቂያ ነበር የምላቸው። በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራው እንዲህ ነው። ሮቤ ከተማ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ክርና ሳሙና፣ ባትሪና ክብሪት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ከሱቋ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ እሳቸው የሚኖሩበት ቤት አለ፤ ከእሱ ፊት ለፊት ደግሞ እኔ የተከራየኋት አንድ ክፍል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ነበሩ። ተቀምጠው ያየሁባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሻይ እንኳ ቆመው ነው የሚጠጡት። ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ የሻሻቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ቁልፍ ይፈቱታል፣ መልሰው ይቋጥሩታል።

ሮቤ የተመደብኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ እንዳስተምር ነው። ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ያደግሁት ደሴ ነው። ኦሮምኛ አልችልም፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይዘልቃል፣ ከትምህርት ቤቱ ውጪ የማውቀው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። ሻንጣዬንም አልፈታሁትም፤ ልብሴን ከውስጡ እያወጣሁ እለብሳለሁ፣ ሲታጠብ አጥፌ እዚያው እመልሰዋለሁ።

አደ ሩቂያ ክፍሏን ያሳዩኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወደ ውስጥ አልገቡም። መስኮቱ ሥር ባለ ረጅም አግዳሚ ላይ በዱቄት ወተትና በዘይት ጣሳ የተተከሉ ሰባት ተክሎች ተደርድረዋል። ቅጠሉ ልብ የሚመስል ሐረግ፣ ጄራኒየም፣ እሬት፣ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የወጣ ወፍራም ቅጠል፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሌሎችም።

"የልጄ ክፍል ናት" አሉኝ። "አረብ አገር ሄዳለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ እነዚህ እንዳይሞቱ።"

"ተክል አሳድጌ አላውቅም።"

"ውሃ ነው የሚፈልጉት" ብለው ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ።

ይህን ያሉኝ ሴትዮ በደርግ ጊዜ በአንድ የመንግሥት እርሻ ችግኝ ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት መሥራታቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ልጃቸው ከሄደች ወዲህ ያቺ ክፍል ውስጥ እግራቸው አልገባ እንዳላቸው፣ ተክሎቹንም በጎረቤት ልጅ ያስጠጡ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

ዘሃራ ከሄደች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። እንደ ደረሰች አንድ ጊዜ ደወለች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። አደ ሩቂያ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ የሚገባበት ሰዓት ሲቃረብ፣ ሱቃቸውን ቆልፈው ወደ መናኸሪያ ይሄዳሉ። ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። ከአረብ አገር የተመለሰች የምትመስል ሲያገኙ የሻንጣዋን እጀታ ይይዙና "የቱ ከተማ ነበርሽ? ዘሃራ የምትባል የባሌ ልጅ አላየሽም?" ይላሉ። ዝናብም ሆነ ጭቃ አይመልሳቸውም። ሲመለሱ በመስኮቴ በኩል ያልፋሉ፤ ቆም ብለው ጣሳዎቹን አይተው ይገባሉ።

ይህንን እያየሁ ነው እንግዲህ ተክሎቹን መግደል የጀመርኩት።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣቸው ነበር። ወለሉን እንዳያረጥቡብኝም ሁሉንም ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በወሩ የሐረጉ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ ከሥራ ስመለስም መጨመር ጀመርኩ። ቢጫው ወደ ቡናማ ተለወጠ። ብርሃን ይሆናል ብዬ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው አመላለስኳቸው። ጎባ የምትኖር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ፍግ ጥሩ ነው" ብትለኝ ከጎረቤት በረት ትኩስ ፍግ አምጥቼ ጫንኩባቸው። ክፍሌ ሸተተ እንጂ አንዱም አልተሻለው። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ እንኳ ልቤ እነሱ ጋ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ቀመር መሀል ላይ ረስቼ ተማሪዎቹ ያስታወሱኝ ቀን አለ። በመጨረሻ መጋረጃውን ዘግቼ መዋል ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጄራኒየሙ ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮና ለስልሶ፣ ጣሳው አፍ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ከቤት ያስወጡኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ያቺ በየቀኑ መናኸሪያ የምትመላለስ እናት ይህን ብታይ ስለ ልጇ ምን ታስባለች ብዬ ነው።

ጎባ ሄድኩ። ፍግ ያለችኝ ባልደረባዬ በረንዳ ላይ ተመሳሳይ ጄራኒየም ነበራት። አንዷን ለምኜ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አመጣኋት። የሞተውን ከግቢው ጓሮ ቀበርኩና አዲሷን እዚያው ጣሳ ውስጥ ተከልኳት። ከዚያ መጋረጃውን ከፈትኩ።

ሰኞ አደ ሩቂያ ከመናኸሪያ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ጋ ቆሙ። እኔ ውስጥ ሆኜ ደብተር አርማለሁ።

"ቲቸር፣ ይህቺ እንግዳ ከየት መጣች?"

"የቷ?"

"ይህቺ። የእኔዋ ግንዷ ላይ ጠባሳ ነበራት።"

ሌላ ውሸት ለመፈለግ አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም። "የእርስዎ ሞታለች" አልኩ። "ሌሎቹም ሊሞቱ ነው። ያደረግሁት ሁሉ አልሆነም። ይቅር ይበሉኝ።"

ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ዞረው ወደ በሩ መጡ። የበሩን ፍሬም በአንድ እጃቸው ይዘው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ "ቢስሚላሂ" ብለው ገቡ። ክፍሏን አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ጣሳዎቹ ነው የሄዱት።

"የሞተውን ከመደበቅሽ በፊት የታመመውን ብታሳዪኝ ምን ነበረበት?" አሉ ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ እያዩ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር።

ጋዜጣ አንጥፊ አሉኝ። የሐረጉን ጣሳ ገልብጠው ታችኛውን መታ መታ ሲያደርጉት አፈሩ ከነሥሩ ወጣ። አሸተቱትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። የኮመጠጠ፣ የረግረግ ሽታ ነበረው።

"የተጠማ ቅጠል ይጠወልጋል፤ የሰመጠም ይጠወልጋል" አሉ። "ቅጠሉን አትመኚ። ሥሩን ጠይቂ።"

ሥሩን በጣቶቻቸው ለያይተው አሳዩኝ። ነጭና ጠንካራው በሕይወት አለ። ቡናማው ሲጎትቱት እንደ እርጥብ ክር እየተላጠ ይወጣል። ከሱቃቸው አዲስ ምላጭ አምጥተው የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጡ፤ የተቆረጠው ላይ አመድ ነሰነሱ። ግንዱን በጥፍራቸው ጫር አድርገው ከልጣጩ በታች ያለውን አረንጓዴ አሳዩኝና "ይህ ካለ ተስፋ አለው" አሉ። ያረጀውን ቅጠል ግማሹን ቀነሱለት፤ በጥቂት ሥር ያን ሁሉ ቅጠል መሸከም አይችልም አሉ። ፍጉን ሲያዩ ግን ተቆጡ።

"ለታመመ ሰው ጮማ ይሰጡታል?"

በማግስቱ ከወንዝ ዳር አሸዋ አስመጥተው ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅለን ሁሉንም መልሰን ተከልን። ሳፋውን ወሰዱብኝ። አግዳሚውን ከመስኮቱ መስታወት አንድ ክንድ ያህል አራቁት፤ የሮቤ ብርድ በመስታወት ገብቶ ቅጠል ያቃጥላል። ከዚያ ሁለት ጣሳ በሁለት እጄ አስያዙኝ፤ አንዱ የጠጣ፣ አንዱ የደረቀ።

"የቱ ይከብዳል?"

"ይህ።"

"እንግዲህ በዓይንሽ አታጠጪ፤ በእጅሽ መዝኚ። አሁን አሥር ቀን እንዳትነኪያቸው። ውሃ የለም፣ ማዘዋወር የለም፣ መነካካት የለም። ዺሲ።"

ዺሲ ማለት ተዪው ማለት ነው። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የተማርኳት ቃል እሷ ናት።

እንደዚያ አሥር ቀን የረዘመብኝ ጊዜ የለም። ጠዋት ስነሣ እጄ ወደ ብርጭቆው ይሄዳል። ተክሎቹ ከነበሩበት ብሶባቸው ራቁታቸውን፣ አጭር ሆነው ቆመዋል። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የሐረጉ አፈር ላይ ትንሽ ጉድጓድ አየሁ። የእሬቱም ላይ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ የጣት ቀዳዳ ነው፤ በሰባቱም ጣሳ። የመለዋወጫው ቁልፍ እሳቸው ጋ ነበር።

ሱቁ ሄድኩ። "አደ ሩቂያ፣ ክፍሌ ገብተው ነበር?"

"እኔ? ለምን ብዬ?"

"አፈሩ ላይ የጣት ቀዳዳ አለ።"

"አይጥ ይሆናላ።"

"አይጥ ጣት አላት እንዴ?"

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። "አልቻልኩም፣ ኢንተላ ቲያ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። "እርጥበቱን ብቻ ነው ያየሁት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሠራተኞቹን አትንኩ እያልኩ እኔ ተደብቄ እነካ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን መፍራት ተውኩ።

ሁለቱ አልዳኑም። እሳቸውም ያለ ብዙ ወሬ አውጥተው ጣሏቸውና ጣሳቸውን አጥበው ደፉት። የቀሩት ግን በየተራ ነቁ። ሐረጉ ከተቆረጠበት አጠገብ ጥፍር የምታህል ቀይማ ቡቃያ ስታወጣ ሱቅ ድረስ ሮጬ ጠራኋቸው። ቆመው አዩዋትና "አልሐምዱሊላህ" ብለው ወዲያው ሰዓት ጠየቁኝ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አንድ ቀን የስልክ ቤት መልእክተኛ ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ከውጭ አገር የስልክ ጥሪ ስላለዎት ነገ በዚህ ሰዓት ይቅረቡ የሚል። አደ ሩቂያ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ። ስማቸው ተጠርቶ ወደ ጠባቧ የስልክ ክፍል ስንገባ ስልኩን አንሥተው አገላብጠው አዩት። ሰጡኝ።

"አዮ? አዮ?" ይላል የሴት ድምፅ።

"እናትሽ እዚህ ናት፤ አጠገቤ ናት" አልኳትና ጆሯቸው ላይ አስደገፍኩላቸው።

ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ መናኸሪያ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ ነበረ። እሳቸው ግን ያሉት አንድ ቃል ነው። "ኛቴ?" በልተሻል ወይ ማለት ነው።

ዘሃራ የነበረችበት ቤት አሠሪዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ስልክ ከልክለዋት፣ ፓስፖርቷን ይዘውባት ነበር። በር ተቆልፎባት ነው የኖረችው። በስንት ልመና ለቀዋት ከደወለች በሦስተኛው ወር አገሯ ገባች። በአውቶቡስ አልነበረም የመጣችው፤ ከሻሸመኔ ስንዴ ሊጭን በሚመጣ መኪና ነው። አደ ሩቂያ መናኸሪያ ቆመው አውቶቡስ ሲጠብቁ እሷ የግቢውን በር ከፍታ ገባች። እናቷ ካሳዩኝ ፎቶዋ በጣም ከስታ ነበር። ሻንጣ የላትም፤ አንዲት የላስቲክ ቦርሳ ብቻ።

እኔ ነበርኩ የተቀበልኳት። ወደ ክፍሌ አስገብቼ ወንበር ሰጠኋት። ጣሳዎቹን አየቻቸው።

"እነዚህ አሁንም አሉ?"

"ላንቺ ብለን ነው ያቆየናቸው" አልኳት፤ ኮራ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

"ለእኔ?" አለች። "እኔ ወድጃቸው አላውቅም። አዮ ናት ከእርሻው እያመጣች የምትደረድርብኝ። ብርሃን ይከለክሉኝ ነበር።"

የግቢው በር ተከፈተ። አደ ሩቂያ አውቶቡሱ ዘገየ እያሉ፣ ለራሳቸው እያጉረመረሙ ገቡ። በመስኮቴ ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ጣሳዎቹን አላዩም።

የዚያን ቀን ለቅሶ አልጽፈውም።

አደ ሩቂያ የተቸገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዘሃራ አትናገርም። ከእናቷ ቤት ጥግ ተቀምጣ ትውላለች፤ በር ሲዘጋ ትደነግጣለች። አደ ሩቂያ በሰዓት በሰዓቱ ገንፎ ያቀርቡላታል፣ ወተት ያፈሉላታል፣ "ምን አደረጉሽ? ንገሪኝ" ይሏታል። በላይ በላዩ። አንድ ቀን እኔ ፊት "አዮ፣ ተዪኝ!" ብላ ጮኸችባቸው። ወደ ግቢው ወጥተው ልብስ ማስጫው ሥር ሲመላለሱ አገኘኋቸው።

"ትንሽ ጊዜ ይስጧት" አልኳቸው። "እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? እንደ ተክሎቹ..."

"ልጄ ጣሳ ውስጥ አይደለችም" አሉኝ፤ አቋረጡኝ። "ተክልማ ገልብጬ ሥሩን አየዋለሁ። እሷን እንዴት ላድርጋት? ንገሪኝ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ።"

አላውቅም አልኳቸው። በእርግጥም አላውቅም ነበር።

ያን ያስተካከለው የእኔም ምክር አልነበረም፣ የእሳቸውም ዘዴ አልነበረም። አንድ ጠዋት አደ ሩቂያ ትኩሳት ይዟቸው አረፈዱ። ዘሃራ ተነሥታ ቁልፉን ከሻሻቸው ጫፍ ፈትታ ወሰደችና ሱቁን ከፈተች። ሳሙና ሸጠች፣ ባትሪ ሸጠች፣ የመንገዱን ሰው አየች። በማግስቱም ከፈተች። እናቷ ተሽሏቸው ሲነሡ ቁልፉን አልመለሰችላቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ከሳምንታት በኋላ ደንበኛ ስትቆጣ ድምጿ እስከ ክፍሌ ተሰማኝ። አደ ሩቂያ ግቢው መሀል ቆመው ያዳምጡ ነበር። እጃቸው ሥራ አጥቶ የሻሻቸውን ባዶ ጫፍ ይቋጥራል፣ ይፈታል።

ሥራ ግን አላጡም። ልጃቸው ስለ ተክሎቹ ለእኔ ያለችውን ለእሳቸውም ነግራቸው ኖሮ አንድ እሑድ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ለጎረቤት አከፋፈሉ። ከየጣሳው ጋርም ራሳቸው ይሄዳሉ፤ የት እንደሚቀመጥ ካላሳዩ አይመለሱም። በሳምንቱም እየዞሩ አፈር በጣታቸው ይነካሉ። "አደ ሩቂያ መጡ፣ ውሃውን ድፉ" ይባል ነበር በሰፈሩ። ክፍሌ ውስጥ ባዶው አግዳሚ ብቻ ቀረ። ጠዋት ብርሃኑ ያለ ከልካይ ይገባል። ዘሃራ እውነቷን ነበር።

ዝውውሬ የመጣው የትምህርት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ደሴ አልሆነም፣ ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ወረቀት እጄ ሲገባ ደስታው የጠበቅሁትን ያህል አልሆነልኝም። ልሄድ ስል አደ ሩቂያን አንድ ነገር ለመንኳቸው።

"ለጎረቤት ከሰጡት ሐረግ አንዲት ቁራጭ ይስጡኝ። ደብረ ብርሃን ልትከላት።"

"አልሰጥሽም።"

የሚቀልዱ መሰለኝ። አልነበረም።

"ይዘሽ ከሄድሽ በርሽን ዘግተሽ እሷን ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ" አሉኝ። "እኔ ጋ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብለሽ ገደልሻቸው፤ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። እዚያ ስትደርሺ ጎረቤት ፈልገሽ ቅርንጫፍ ለምኚ። እንዴት እንደሚያድግም ጠይቂያት።"

"እንዴት እንደሚያድግማ እርስዎ አስተምረውኛል።"

"ብታውቂም ጠይቂ።"

ጠዋት ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ይዘውልኝ ሄዱ። አውቶቡሱ ሳይነሣ ደህና ሁኚ ብለውኝ ተመለሱ፤ አንዲት ጎረቤት እሬቷ ጫፉ ደርቋል ብላቸው ነበርና ቸኩለዋል። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በስልክ ብቻ ነው የተገናኘነው፤ እሱም ሁልጊዜ አጭር ነበር።

ደብረ ብርሃን በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከግቢያችን ማዶ በረንዳዋ ላይ አበባ የምታሳድግ ሴት መኖሯን አየሁ። ጥቂት አመነታሁ፤ እስከ መንገዱ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ተሻግሬ በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"አዲሷ ጎረቤትዎ ነኝ" አልኳት። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።"

"ግቢ" አለችኝ። "በሩ አልተቆለፈም።"